ሞጁል ለየተማሪው እንዲሠራ፤ ለአንድ የሐዋሳ የፊዚክስ መምህር የተሰጠ ምላሽ

የመምህሩ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ። የተወሰኑት እኔን ቀድመው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ ግን ተራ ማካፈል እንኳ ያስቸግራቸዋል። ሞጁላር የማስተማር ዘዴ ተማሪን በየደረጃው ለማስተማር ይረዳል ስለተባለ ባለፈው ሴሚስተር የእንቅስቃሴን ምዕራፍ በሞጁል አዘጋጅቼ በፎቶኮፒ አደልኩ። ጎበዞቹ በአንድ ሳምንት ጨረሱት፤ ደካሞቹ ገልጠውም አላዩት፤ በፈተና ላይ ልዩነቱ ጭራሽ ሰፋ። ዘዴው በእኛ ሁኔታ አይሠራም ማለት ነው ወይስ የሳትኩት ነገር አለ?»

መምህር፣ የሳቱት ነገር አለ፤ ሆኖም ስህተቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። «ሞጁል» የሚለው ቃል ወደ አገራችን የገባበት መንገድ ራሱ ለስህተት የተመቸ ነው። ሞጁል ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን በስፓይራል የተጠረዘው የርቀት ትምህርት መጽሐፍ ነው፤ በክረምት ዲግሪውን የተማረ መምህርም እንዲህ ያለ ጥራዝ ተሸክሞ ተመላልሷል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሥርዓተ ትምህርታቸውን በሞጁል ሲያደራጁ፣ ተቀራራቢ ኮርሶችን በአንድ ጠቅልሎ፣ አንዱን ኮርስ በጥቂት ሳምንታት በተከታታይ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው መሻገር የሚል ሌላ ትርጉም በቃሉ ላይ ተደረበ። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅም ይኖራቸዋል። ለየተማሪው ደረጃ የሚሆኑ ግን አይደሉም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ጀምሮ በአንድ ቀን ይፈተናል፣ የገባውም ያልገባውም አብሮ ይሻገራል። እንዲያውም ኮርሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲታጨቅ፣ ዘግየት ብሎ የሚገባው ተማሪ ቀድሞ የነበረችውን ጥቂት የማሰላሰያ ጊዜ ያጣል።

ወደ ዋናው ሐሳብ የቀረበው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አሠራር ነው። ሥልጠናው በብቃት አሃዶች ይከፋፈላል፤ ሠልጣኙ የመረጃ ገጹን አንብቦ ራሱን በጥያቄ ይፈትሻል፣ ተግባሩን ይለማመዳል፣ ሲመዘንም የሚሰጠው ውጤት «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሏት፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ። (በተግባር እዚያም ቢሆን ሠልጣኞቹ በጅምላ የሚነዱበት ጊዜ አለ፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሐሳብ ግን ትክክለኛው ነው።)

ሐሳቡ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ጆን ካሮል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1963 ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንድን ትምህርት የመማር ችሎታ ማለት ተማሪው ትምህርቱን ለመጨበጥ የሚያስፈልገው የጊዜ መጠን ነው አለ። አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ቤንጃሚን ብሉም በ1968 ይህንኑ ይዞ፣ ለሁሉም እኩል ጊዜና አንድ ዓይነት ትምህርት ከሰጠን ውጤቱ መለያየቱ አይቀርም፤ ውጤቱ እንዲቀራረብ ከተፈለገ የሚለያየው ጊዜውና ድጋፉ መሆን አለበት ሲል ተከራከረ። በዚያው ዓመት ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ፍሬድ ኬለር፣ ከባልደረቦቹ ጋር በብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ የሞከሩትን አሠራር ጽፎ አሳተመ። እዚያ ትምህርቱ በትንንሽ ክፍሎች ይሰጣል፤ ተማሪው በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ አንዱን ክፍል በሚገባ ሳይጨብጥ ወደ ሌላው አያልፍም፤ ትምህርቱን አስቀድመው የጨበጡ ተማሪዎች ደግሞ ፈተና እያረሙ መምህሩን ያግዛሉ።

ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ሞጁል የሚያሰኙት ሁለት በሮቹ ናቸው፤ መግቢያው ላይ ተማሪው ከየት መጀመር እንዳለበት የሚለይ ፈተና፣ መውጫው ላይ ደግሞ መጨበጡን የሚያረጋግጥ ፈተና። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜና መንገድ እንደየተማሪው እንዲለያይ ይፈቀዳል። ከገለጻዎ እንደተረዳሁት እርስዎ ያደሉት ጽሑፍ ሁለቱም በሮች አልነበሩትም። ጎበዙ ያለ እርስዎም ሊያነበው የሚችለውን አነበበ፤ ደካማው ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ቆጥሮ የሚነሳ ጽሑፍ ተሰጠው፤ ቢዘጋው አይፈረድበትም።

የመግቢያ ፈተና ምን እንደሚያሳይ በአንድ ጥያቄ ላብራራ። «አንድ ባጃጅ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በሰከንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ 10 ነው። የተማሪዎቹን ወረቀት ሲሰበስቡ ግን አንዱ 600፣ ሌላው 0.01፣ ሦስተኛው 129.6 ጽፎ ያገኙታል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ ማርክ ሊስት ላይ ቢሰፍሩ ሦስቱም ዜሮ ናቸው፤ ሕመማቸው ግን ለየቅል ነው። 600 ያለው ኪሎ ሜትሩን በትክክል ወደ ሜትር ቀይሮ 36,000 አግኝቷል፤ ነገር ግን ለ3,600 ማካፈል ሲገባው ለ60 አካፈለ፤ ሰዓትን ወደ ደቂቃ አውርዶ ደቂቃ ላይ ቆመ ማለት ነው። 0.01 ያለው ሰዓቱን አስተካክሎ ኪሎ ሜትሩን ረሳው። 129.6 ያለው «3.6» የምትባል ቁጥር እንዳለች ከሰው ሰምቷል፤ መቼ እንደሚያባዛና መቼ እንደሚያካፍል ግን አያውቅም፤ በሐዋሳ ከፒያሳ ወደ አቶቴ በሰከንድ 130 ሜትር ገደማ የሚበር ባጃጅ ይኖር እንደሆነም ራሱን አልጠየቀም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአምስት ደቂቃ ይድናሉ። ሦስተኛው ግን ስለ መለኪያ ትርጉም ከሥር መጀመር አለበት። ለሦስቱም በሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ማብራሪያ ለ40 ደቂቃ ቢሰጡ ለሁለቱ ይበዛል፣ ለአንዱ ያንሳል።

የመግቢያው ጥያቄዎች ሞጁሉ ሊያስተምር ባሰበው ላይ ሳይሆን ተማሪው ያውቀዋል ብሎ በሚነሳበት ዕውቀት ላይ መሆን አለባቸው፤ ለእንቅስቃሴ ምዕራፍ መለኪያ መቀየር፣ በአስርዮሽ ቁጥር ማካፈልና ነጥብን በግራፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃሉ። ስድስት ሰባት ጥያቄ፣ ሩብ ሰዓት። ማርክ አይያዝበትም፤ ይህንንም አስቀድመው ለተማሪዎቹ ይንገሯቸው፤ አለዚያ ኩረጃ ይገባበትና ፈተናው የሚያሳየው የጎረቤቱን ልጅ ዕውቀት ይሆናል። ከውጤቱ ተነስተው አንዳንዱን ሁለት ገጽ ወደማይሞላ የድልድይ ወረቀት፣ ብዙኀኑን ወደ ሞጁል አንድ፣ ጥቂቶቹን ደግሞ በቀጥታ ወደ ሞጁል አንድ መውጫ ፈተና ይልካሉ። መምህራን ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ «ሳይማር ይለፍ?» ይላሉ። የሚያውቀውን ነገር በድጋሚ እንዲያነብ የሚገደድ ልጅ ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ ክፍሉን ማወክ ቢጀምር ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም።

ይዘቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ መጽሐፉን እንደገና አይጻፉት። መምህራን ሞጁል ያዘጋጁ ሲባሉ ሠላሳ ገጽ ጽፈው ይደክማሉ፤ ተማሪውም ሠላሳ ገጹን ሲያይ ይደክማል። ለአንድ ሞጁል ከአምስት እስከ ስድስት ገጽ በቂ ነው። መጀመሪያ ላይ ተማሪው ሲጨርስ ማድረግ የሚችለው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል፤ ለምሳሌ «ከፍጥነትና ጊዜ ግራፍ ላይ የተጓዘውን ርቀት አሰላለሁ» የሚል። ከዚያ የትኛውን የመጽሐፉን ገጽ እንደሚያነብ፣ የቱን ምሳሌ በደብተሩ እንደሚሠራና የቱን እንደሚዘልል ይነገረዋል፤ በየግማሽ ገጹም መልሱ ከኋላ ያለ አጭር መሞከሪያ ይገባል። በዚህ ዓይነት ምዕራፉን በአራት ሞጁል ቢከፍሉት በጠቅላላው 24 ገጽ ይሆናል። ለ62 ተማሪዎች እያንዳንዱን ቢያባዙ 1,488 ገጽ ፎቶኮፒ ነው፤ ማንም ትምህርት ቤት አይፈቅድልዎትም። ብዙኀኑ ስለሚጀምርበት ሞጁል አንድን ለሁለት ተማሪ አንድ እንዲደርስ በ31 ኮፒ፣ ሌሎቹን ሦስት በ15 በ15 ኮፒ ቢያወጡ 456 ገጽ ይበቃዎታል፤ በሞጁሉ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ከተከለከለ ደግሞ ለሚመጣው ዓመትም ይተርፋል።

ቋንቋው ይበልጥ ያሳስበኛል። 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሐዋሳ ክፍል ውስጥ ደግሞ በቤቱ ሲዳምኛ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር፣ ወላይትኛ የሚናገር ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣል። መምህሩ ሰሌዳ ፊት ሲያስረዳ ቋንቋውን እየቀያየረ ክፍተቱን ይሸፍነዋል፤ ሞጁል ግን አፍ የለውም። ብቻውን እንዲያነብ የተሰጠው ልጅ ፊዚክሱ ይሁን እንግሊዝኛው ያቃተው ሳይለይ ይቀራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹን ያሳጥሩ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ ከአምስት የማይበልጡ ቁልፍ ቃላትን ተማሪዎቹ በሚያውቋቸው ቋንቋዎች ይፍቱ፤ ሲዳምኛውን እርስዎ ካልቻሉት ባልደረባዎን ያስጽፉ። ተማሪው መልሱን ሲያስረዳም በፈቀደው ቋንቋ ያስረዳ፤ የፈተናው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መሆኑ ይበቃል። ደካማ ያሏቸው ልጆች ሞጁሉን ያልገለጡት በስንፍና ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት ይህን ይመርምሩ።

ወደ መውጫው በር ልሂድ። አምስት ጥያቄ፣ ማለፊያው ከአምስት አራት፤ ፈተናው «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ተብሎ በሦስት ዓይነት ይዘጋጅ። የዘዴው ዋና ሥራ ያለው ግን ከፈተናው በኋላ፣ በወደቀው ልጅ ዙሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው «ተመለስና አንብብ» ብሎ መስደድ ነው፤ ያልገባውን ማብራሪያ በድጋሚ ማንበብ ግን ከቅጣት አይለይም። ለወደቀው ሁለተኛ መንገድ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በፍጥነትና ጊዜ ግራፍ ላይ አግድም ቀጥ ያለ መስመር አሳይተው «ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?» ቢሉ ከየክፍሉ ብዙ ልጆች «ቆሟል» ይሉዎታል። መስመሩ ስለማይወጣና ስለማይወርድ ነው፤ ወይም የርቀትና ጊዜ ግራፍ ላይ የተማሩትን ወደዚህ ስላመጡት። ይህን ልጅ የፈለገውን ያህል ቢያስነብቡት አይለቀውም። ወደ ኮሪደር ያውጡት። ወለሉ ላይ በየአንድ ሜትሩ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ እሱ እኩል እርምጃ እየተራመደ ይሂድ፣ ጓደኛው በስልክ ሰዓት በየሁለት ሰከንዱ «አሁን!» ይበል፣ ሦስተኛው የደረሰበትን ይመዝግብ። በ2 ሰከንድ 2 ሜትር፣ በ4 ሰከንድ 4 ሜትር፣ በ6 ሰከንድ 6 ሜትር የሚል ነገር ይወጣል፤ ልጆች ናቸውና ትንሽ ይዛነፋል፣ አይጨነቁ። ከዚያ ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን ያሥሉት። የርቀቱ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ፣ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 1 ሜትር ላይ አግድም ተዘርግቶ ያገኘዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ እግሩ አልቆመም። ከዚያ «ለ» ፈተናን ይውሰድ። ሁለት ጊዜ የወደቀ ልጅ ወደ ሦስተኛ ወረቀት ከመግባቱ በፊት ከእርስዎ ጋር አምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ መላ ክፍሉን ከማስተማር የተረፈው ጊዜዎ ለዚህ ነው።

እርማቱን ብቻዎን አይችሉትም። ለአንድ ወረቀት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ እንኳ ለ62 ተማሪ ከሁለት ሰዓት ያልፋል፤ ያውም ለአንድ ሞጁል፣ ያውም የወደቁት በድጋሚ ሳይፈተኑ። የኬለር አጋዥ ተማሪዎች የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው፤ ሞጁሉን ቀድመው ያለፉ ስምንት ልጆች ለየሰባት ስምንቱ ቢያርሙ ነገሩ ይቀላል። እኛ ግን ከ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት የተረፈ ልማድ አለን፤ መሪው ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ሪፖርቱ ይሞላል። ያ እንዳይደገም ፈተናው በነፍስ ወከፍ ይሁን፤ አጋዡም ማረም ብቻ ሳይሆን ከትክክለኛ መልሶች አንዱን መርጦ «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ማስረዳት ያልቻለ አላለፈም። አጋዦቹ በየሞጁሉ ይቀያየሩ፤ ሹመት እንዳይሆንባቸው። በአንዱ ርዕስ የወደቀ ልጅ በሌላው አጋዥ ሲሆን ደግሞ ክፍሉ ስለ እሱ ያለው ግምት ሲቀየር ዓይኔ አይቷል።

ስለ ፍጥነት የምለው ከራሴ ውድቀት የተማርኩትን ነው። ከዓመታት በፊት ዕጩ መምህራንን ሳሠለጥን፣ ሐሳቡ እጅግ ማርኮኝ፣ አምስት ሞጁል አዘጋጅቼ «ለመውጫው ፈተና ዝግጁ ስትሆኑ ኑ» ብዬ ለቀቅኳቸው። ሴሚስተሩ ሲጋመስ ከ40ዎቹ 11ዱ ከሁለተኛው ሞጁል አልወጡም ነበር። የገረመኝ ደካሞቹ አለመሆናቸው ነው፤ ነገ ዛሬ ሲሉ የሌላ ኮርስ አሳይመንት እየቀደመባቸው የቀሩ ነበሩ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የፈተና ሰልፍ በሬ ላይ ተኮለኮለ፤ እኔም ሳልወድ ደረጃውን ዝቅ አደረግኩት። በኋላ ሳነብ ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ አወቅኩ። ቼን-ሊን ኩሊክ፣ ጄምስ ኩሊክና ባልደረባቸው በ1990 (እ.ኤ.አ.) 108 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጨብጦ የማለፍ ትምህርት የተማሪዎችን የፈተና ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ፣ ይህም በተለይ ለደካሞቹ እንደሚበልጥ አገኙ፤ ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ ለተማሪው በተተወባቸው የኮሌጅ ኮርሶች ግን ብዙ ጊዜ የሚጨርሱት ቁጥር ይቀንሳል። የ15 ዓመት ልጅ ደግሞ ከኮሌጅ ተማሪ ይልቅ ቀጠሮ ያስፈልገዋል። ምዕራፉ አራት ሳምንት ከተሰጠው በየሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም ሊደርስበት የሚገባ አንድ ሞጁል ይቁረጡ፤ ልዩነቱ በዚያ ሳምንት ውስጥ ባለው መንገድና ከመጨረሻው በሚተርፈው ጊዜ ላይ ይሁን። ባለፈው ሴሚስተር ላልገለጡት ልጆች «እስከ ዐርብ» የሚላቸው ሰው ነበር?

ክፍሉ ሲጀመር እንዴት እንደሚመስል ከአሁኑ ይወቁት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለሁሉም የሚሆን ነገር፣ ቀሪው ጊዜ የየግልና የየጥንድ ሥራ ነው። ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይፈተናል፣ ሦስቱ ኮሪደር ላይ ይራመዳሉ። በመስኮት ያለፈ ሱፐርቫይዘር «መምህሩ አያስተምርም» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። ለዲፓርትመንት ኃላፊዎና ለርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ያስረዱ፤ ዓመታዊ ዕቅዱ ላይም ያስገቡት። በሴሚስተር አንድ ምዕራፍ ብቻ ይሞክሩ፤ ሁሉም ርዕስ ለዚህ አይመችም፤ ሙከራና ውይይት የሚበዛበትን በነበረው መንገድ ያስተምሩ። ቀድመው ለሚጨርሱት የሚቀጥለውን ምዕራፍ አይስጧቸው፤ ካደረጉ ልዩነቱን ራስዎ ያሰፉታል፤ ይልቁንም በዚሁ ርዕስ ጠለቅ ያለ ጥያቄ፣ ወይም ለሚቀጥለው ዓመት ክፍል አዲስ የመውጫ ፈተና የማዘጋጀት ሥራ ይስጧቸው። ጥሩ ጥያቄ ማውጣት ከመመለስ እንደሚከብድ ሲያውቁት ይገርማቸዋል።

የቀረው ማርኩ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ያለፈውም በሦስተኛው ያለፈውም ያንኑ ነጥብ ያግኝ፤ ጎበዞቹ ያኮርፋሉ፤ ተከታታይ ምዘናው የሚጠይቀው ተማሪው ማወቁን እንጂ መቼ እንዳወቀው እንዳልሆነ ያስረዷቸው። ገና ላላለፈው በማርክ ሊስቱ ሣጥን ውስጥ ዜሮ አይጻፉ፤ በእርሳስ «ገና» ብለው ይጻፉ፣ ሲያልፍ ይደምስሱት። ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) በሚዘጋበት ሳምንት «ገና» እንደተጻፈባቸው የቀሩ ካሉ ከፈተናዎቻቸው የተሻለውን ውጤት በእስክሪብቶ ይሙሉላቸው፤ የእርሳሱን ዝርዝር ግን ለራስዎ ገልብጠው ያስቀሩ፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ የመግቢያ ፈተና የሚዘጋጀው ከእሱ ነው።